የመኳንንት አዎ

ሰው በእምቢታው ሲጎዳ ብዙ አይቻለሁ። በአዎታው አሳሩን ያየ ግን ባሌን መኳንንትን ብቻ ነው የማውቀው።

መኳንንት ነገር አያበዛም። እኔ የሺወርቅ ደግሞ የሚያውቀኝ ያውቀኛል፤ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። ስለዚህ ናይሮቢ ባለው ቤታችን ውስጥ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይስማማል። ሲስማማም አፉን ሞልቶ «አዎ» አይልም። እንደ አገራችን ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «ኧህ!» ይላል፤ በቃ፣ አዎ ማለቱ ነው። «በሩን ቆለፍከው?» «ኧህ!» «እሑድ ኪሌሌሽዋ ጸሎት አለ፣ እንሄዳለን አይደል?» «ኧህ!» እምቢ ማለት ደግሞ ከነጭራሹ አልተፈጠረበትም። ሰውን ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ነውር ይመስለዋል። ያልወደደው ነገር ሲመጣ ጸጥ ብሎ ግድግዳ ያያል። አንድ ቀን ወንድሜ ተክሉ መኪናህን አውሰኝ ቢለው ግድግዳውን ሲያይ አመሸ። ተክሉም ግራ ገብቶት አብሮት ሲያይ ቆየና «ቀለሙ ያምራል» ብሎ ወጣ።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ዶክተር ሙቱኩ «አዎ ወይም አይደለም ብለህ ብቻ መልስልኝ» ያለው።

በፈረንጆቹ 2003 ነው። ያ ሳርስ የሚሉት የሳንባ በሽታ ከሩቅ ምሥራቅ ተነሥቶ ሰዉን ሁሉ በማስክ የሸፈነበት ሰሞን። ናይሮቢ ገባ ሲባል አልሰማሁም፤ ወሬው ግን ገብቶ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ያስነጠሰ ሰው እንደ ሌባ ይታይ ነበር። የመኳንንት በሽታ ሌላ ነው። ከአየር መንገዱ ካርጎ ቢሮ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሳንባው እየደደረ ሄደ። ሐኪሞቹ ጠባሳ አሉት። ኪሊማኒ ያለው ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ መጀመሪያ ደረጃው መሐል ማረፍ ጀመረ፣ ቀጥሎ ከነጭራሹ መውረድ ተወ። በዚያ ላይ የሳንባ ምች ሲጨመርበት፣ ልጄ አቢግያ ታክሲ ጠርታ አጣድፈን ሆስፒታል ወሰድነው፤ እነሱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት።

ዶክተር ሙቱኩ ወጣት ነው፣ ረጅም፣ ትሑት። ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የሆነ ሥልጠና ወስዶ መመለሱ ነው። ሥልጠናው ምን እንዳስተማረው ልንገራችሁ? በሽተኛው ራሱ ይወስን ይላል! ኮሪደር ላይ አስቀመጠኝና በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ አስረዳኝ።

«ማማ አቢጌል፣» አለኝ፤ ኬንያዎች እናትን በልጇ ስም ነው የሚጠሩ፣ «ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አስገብተን ማሽን እንዲተነፍስለት ማድረግ ነው። ያኔ በመድኃኒት እናስተኛዋለን፤ አይሰማም፣ አያወራም። እንደሱ ያለ ሳንባ ደግሞ አንዴ ማሽኑ ላይ ከወጣ መላቀቁ በጣም ያጠራጥራል። ሁለተኛው፣ ቱቦውን ትተን በማስኩና ትንፋሽ በሚያቀልለት መድኃኒት መያዝ ነው። ጊዜው አጭር ሊሆን ይችላል፤ ግን ከእናንተ ጋር እያወራ ይቆያል። የትኛውን እንደሚፈልግ እሱን እጠይቀዋለሁ።»

«እሱን? በሽተኛውን?»

«አዎ።»

«ልትሞት ነው ወይ ብለህ?»

«እንደዚያ አልለውም፣ ማማ።»

«ኧረ ወዲያ! በኛ አገር ለታመመ ሰው ‹ዛሬ ፊትህ ወዝቷል› ነው የሚባለው፤ ይኼ እንዴት ያለ ሕክምና ነው? እኔን ጠይቀኝ! ቱቦውን አስገባ! ሁለትም ካላችሁ ሁለቱንም አስገባ!»

ከልቤ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ተኝቶም ይሁን ታስሮም ይሁን መኳንንት ይኑርልኝ እንጂ ሌላው አልታየኝም። ዶክተሩ ግን «ፖሌ፣ ማማ» ብሎ፣ አይዞሽ ማለቱ ነው፣ ተነሥቶ ገባ።

እኔን ከክፍሉ መስተዋት ውጭ አቆሙኝ። ድምፅ አይሰማም። የማየው መኳንንትን ነው፤ ፊቱን ሙሉ በማስክ ሸብበውታል፣ ማስኩ እንዳይላቀቅ አንገቱን እንዳይነቀንቅ ከልክለውታል። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይጠይቀዋል። የመኳንንት ደረት እመር ይላል። ትንፋሹን የሚቆጣጠረው ማሽን ቀይ መብራት አብርቶ ይንጫጫል፤ ነርሷ ሲስተር አኪኒ እየሮጠች መጥታ ኦክስጅኑን ትጨምራለች። ሲረጋጋ ዶክተሩ እንደገና ይጠይቃል። እንደገና እመር፣ እንደገና ጩኸት፣ እንደገና አኪኒ። ከሰዓት በኋላም እንደዚያው። ፊትህን ላብስልህ ብላ ጠይቃው እንኳ ተነሥቶበት ፎጣዋን ጥላ ሮጠች። እኔ መስተዋቱ ላይ ተለጥፌ «ወይኔ መኳንንት! ወይኔ ጌታዬ!» እላለሁ።

በማግስቱ ዶክተሩ ቤተሰብና ወዳጅ ይሰብሰብ አለ፤ ይኼም ከሥልጠናው ነው። አቢግያ ጊጊሪ ሰፈር ያለው መሥሪያ ቤቷ ስብሰባ ላይ ስለነበረች ትደርሳለች ተባለ። እኔ ከቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ጢሞቴዎስንና ጎረቤታችንን ፍቅርተን ይዤ ገባሁ። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ አራት ወንበር፣ የወረቀት መሐረብ፣ በሩ ላይ ትንሽ መስተዋት። ዶክተር ሙቱኩ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ጀመረ።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ። አቶ መኳንንት በጽኑ መታመማቸውን ታውቃላችሁ።»

«ኧህ!» አልን ሦስታችንም።

ዶክተሩ ቀና አለ።

«ደኅና ናችሁ?»

«ኧህ!» አሉ ወንጌላዊ ጢሞቴዎስ፣ በአክብሮት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

ልብ በሉ፤ ከተማው በሳርስ ወሬ ሞቋል፣ ወንጌላዊ ጢሞቴዎስ ደግሞ እንግሊዝኛቸው ለስብከት እንጂ ለሐኪም ስላልሆነ የሚባሉትን ሁሉ በትሕትና ይቀበላሉ። ዶክተሩ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ።

«እርስዎ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«ኧህ!»

«ከመቼ ጀምሮ? ከአቶ መኳንንት ጋር ስትገናኙ ቆይታችኋል?»

«ኧህ! ኧህ!» አለች ፍቅርተ፣ ወዳጅነቷን ለማሳየት ቸኩላ። «ሁልጊዜ! አብረን ነው የምንበላው!»

«እርስዎ በቅርቡ ወደ እስያ ተጉዘው ነበር?»

ፍቅርተ ሸቀጥ ነጋዴ ናት። በኩራት ቀና ብላ «ባንኮክ!» አለች።

ዶክተር ሙቱኩ ተነሣ። ቀስ ብሎ፣ ፊቱን ወደ እኛ እንዳዞረ፣ የኋሊት ወጣና በሩን ዘጋው። ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ሲስተር አኪኒ ከእግር እስከ ራሷ ተጠቅልላ በበሩ ስንጥቅ ማስክ ወረወረችልን፤ ለውሻ አጥንት እንኳ እንደዚያ አይወረወርም።

«ምን ሆኑ?» አለች ፍቅርተ።

«ስብሰባው እንደዚህ ይሆናል ማለት ነው?» አሉ ወንጌላዊ ጢሞቴዎስ፤ ማስካቸውንም አደረጉ፣ መቼም ትእዛዝ አክባሪ ናቸው።

ዶክተሩ ከበሩ መስተዋት ጀርባ ሆኖ ጮክ ብሎ ተናገረ። «አትፍሩ! ደም እንወስዳለን፣ ሳንባችሁን በራጅ እናያለን። ከአቶ መኳንንት ጋር አራታችሁም አንድ ዓይነት የትንፋሽ መቆራረጥ አለባችሁ። የተያያዘ ነገር ሊሆን ይችላል።»

«እኛ ምንም አልሆንንም!» ብዬ ጮህኩ። «ላም ባልዋለበት ኩበት የምትለቅም! ባሌ እንዴት ሆነ? እሱን ንገረኝ!»

ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። አመመው መሰል፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማማ፣ ጠይቄዋለሁ። ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ‹ቱቦውን ትተን፣ እንዳይጨንቅህ አድርገን እንያዝህ?› ስለው፣ መልስ ሳይሰጠኝ ይነሣበታል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ‹ቱቦውን እናስገባልህ?› ስለው ግን ይረጋጋል። ጸጥ ይላል። ግድግዳውን እያየ በዝግታ ይተነፍሳል። አፉ ባይመልስም ሰውነቱ እየመለሰ ነው። ቱቦው የሚለው ሐሳብ ያሳርፈዋል። ስለዚህ ወስነናል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተነሣበት ሳንጠብቅ እናስገባለን።»

ወንጌላዊ ጢሞቴዎስ አሁንም ከልማዳቸው «ኧህ!» አሉ። ዶክተሩ ከመስተዋቱ ላይ ደንግጦ ፈቀቅ አለ።

እኔም አየሁት። ወንጌላዊውን አየሁ፣ ዶክተሩን አየሁ፤ ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ወይ ጉድ! ለካ የሚሮጡት አዎ ባልን ቁጥር ነው! ለካ መኳንንት ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠየቅ ሲመልስ፣ ሲጠየቅ ሲመልስ ነው የከረመው። ቱቦውን እንተውልህ ሲሉት አዎ እያለ፣ እናስገባልህ ሲሉት እንዳመሉ ግድግዳ እያየ። አልፈልግም አለ። ጨዋ ስለሆነ እንጂ ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይበል?

እንግዲህ እዚህ ላይ ልቤን ልንገራችሁ። ነገሩን ከዚያ ሕንፃ ውስጥ እኔ ብቻ አወቅሁት። ዝም ብል ቱቦው ይገባል። እኔ የፈለግሁት ደግሞ እሱን ነው! ሌላ ጊዜ አፍሽን ዝጊ ብባል የማልዘጋ ሴት፣ አሁን ብዘጋው ባሌ ማሽን ላይ ሆኖም ቢሆን ይኖርልኛል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል በመስተዋት አየዋለሁ፤ እጁ ይሞቃል፤ እያደር ደግሞ እግዚአብሔር ያውቃል። «ዝም በይ የሺ፣ ዝም በይ» አልኩ ለራሴ። ፈራሁ። ያለ እሱ ያንን ደረጃ እንዴት እወጣዋለሁ? ማን ላይ ነው የምጮኸው? ግን ደግሞ ሰውየው በዕድሜው ሙሉ የጠየቅሁትን ሁሉ እሺ ሲለኝ ኖሮ፣ አንዲት ነገር እሱ ሲፈልግ እኔ መስማቴን ልደብቅ? ተናደድኩም፤ በዶክተሩ፣ በሳንባው፣ በራሱም በመኳንንት፣ አንዴ እንኳ ጮክ ብሎ «እምቢ!» ቢል ምን ነበረበት።

ተነሥቼ በሩን በጡጫ ደበደብኩት።

«ዶክተር! አንተ ሰውዬ! አልተነሣበትም! አዎ እያለህ ነው!»

«ምን አልሽ ማማ?»

«ኧህ ማለት አዎ ነው! በኛ አገር አዎ እንደዚህ ነው! ትንፋሹን ወደ ውስጥ የሚስበው መልስ ሲሰጥህ ነው! ዝም ሲል ደግሞ አልፈልግም ማለቱ ነው!»

ዶክተር ሙቱኩ እንደ እብድ አየኝ። ከኋላው አኪኒ «ኦክስጅን ሲያንስ ይቃዣሉ» ስትለው ሰማሁ። እኔ ቃዠሁ? የት አባቷ!

«ጠይቀኝ!» አልኩት። «የፈለግኸውን ጠይቀኝ!»

ግራ ገብቶት፣ «ስምሽ የሺወርቅ ነው?» አለ።

«ኧህ!»

«የተወለድሽው ሞምባሳ ነው?»

ዝም። ግድግዳ አየሁለት።

«ዛሬ ዐርብ ነው?»

«ኧህ!» አልን ሦስታችንም ባንድ አፍ፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረው አየር ያለቀ መሰለኝ።

«ናይሮቢ ባሕር አላት?»

ሦስታችንም ግድግዳ አየን። ፍቅርተ ሳቋ አመለጣትና በማስኩ ውስጥ ታፈነች።

በዚህ መሐል አቢግያ እየሮጠች ደረሰች፣ የመሥሪያ ቤት ባጇን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች። እናቷን ተቆልፎባት፣ ወንጌላዊውን በማስክ፣ ዶክተሩን የባሕር ጥያቄ ሲጠይቅ አየች።

«ዋት ኢዝ ጎይንግ ኦን? እማዬ፣ ምንድነው?»

«አባትሽ አዎ ሲል ቱቦ ሊያስገቡበት ነው! ንገሪያቸው!»

ዶክተሩ ዞረና «እውነት ነው? ይኼ ድምፅ አዎ ማለት ነው?» አላት።

«ኤኤ!» አለች አቢግያ። ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት፤ የሷ አዎ ወደ ውጭ ነው። «ዳዲ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። ኖ አይልም፣ ዝም ነው የሚለው።»

ዶክተር ሙቱኩ ግንባሩን በመዳፉ ያዘው። አሳዘነኝ። ቁልፉን ከኪስ ኪስ ሲፈልግ አኪኒ ናት የከፈተችልን።

ወደ መኳንንት አብረን ገባን። ከመስተዋቱ አልፌ ለመጀመሪያ ጊዜ መግባቴ ነው። እጁን ያዝኩት። ዓይኖቹ ማስኩ ላይ ትልልቅ ሆነው አዩኝ። ፊትህ ወዝቷል ልለው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።

«አቶ መኳንንት፣» አለ ዶክተሩ፣ «ይቅርታ አድርግልኝ። እንደገና ልጠይቅህ። ጉሮሮህ ውስጥ ቱቦ አስገብተን ማሽን ላይ እናውጣህ?»

መኳንንት ግድግዳውን አየ። ጸጥ። ማሽኑም ጸጥ።

«ቱቦውን ትተን፣ ትንፋሽህን አቅልለን፣ ከቤተሰብህ ጋር እንድትቆይ እናድርግ? ጊዜው ሊያጥር እንደሚችል አውቀህ?»

«ኧህ!»

ማሽኑ ተንጫጫ፣ ቀዩ መብራት በራ። አኪኒ ከልማዷ ተፈናጥራ ደርሳ ኦክስጅኑ ላይ እጇን አሳረፈች። ከዚያ ዶክተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇንም ቀስ ብላ አነሣች። ማንም አልሮጠም። ማሽኑ ብቻውን ጮሆ ጮሆ ተወው። እኔ አለቀስኩ። አቢግያ ከኋላዬ አቀፈችኝ፤ ወንጌላዊ ጢሞቴዎስ ዶክተሩ ማስክዎን ያውልቁ ስላላላቸው በማስክ ውስጥ ጸለዩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩት፣ መስኮት ያለው። ከባዱን ማስክ አንሥተው አፍንጫው ላይ ቀጭን ቱቦ አደረጉለት፤ መድኃኒቱ ጭንቀቱን አቀለለለት። ሰውየውም ማውራት ጀመረ! መኳንንት! ቃል በገንዘብ የሚገዛ ይመስል ሲቆጥብ የኖረው ሰው፣ አሁን አንዱን ሳይጨርስ አንዱን ይጀምራል። ትንሽ ያወራል፣ ያርፋል፣ ይቀጥላል። ስለ ልጅነቱ ጥርስ ሕመም። አቢግያ ስትወለድ ኮሪደር ላይ ተኝቶ ሰው ስለረገጠው። አለቃው ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ ስለዋለበት ቀን። እኔ «ዝም በል፣ ይደክምሃል» ብለው፣ «አንቺ ዝም በይ፣ ተራው የኔ ነው» አለኝ። እኔ! ዝም አልኩ፤ በእድሜዬ እንደዚያ ተደስቼ ዝም ብዬ አላውቅም።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት፣ የሻይ ጋሪው ኮሪደሩ ላይ ሲንኳኳ፣ ስለ ሰጎን ጀመረልኝ። ድሮ፣ እኔን ከማግባቱ በፊት፣ በካርጎ ወደ ጂዳ የሚሄዱ ሰጎኖች ነበሩ። አንዷ ሣጥኑን በእርግጫ ሰብራ አመለጠች። የካርጎው ሠራተኛ በሙሉ ተከተላት፤ አለቃው ከረባቱን ወደ ጀርባው ጥሎ፣ ጉምሩኩ ፊሽካ እየነፋ። እሷ አውሮፕላን ስር ገባች። ማንም አልደፈረም። እሱ ብቻውን፣ በእንብርክክ፣ በክንፉ ስር ገባ።

«ከዚያማ ዞራ አየችኝ፣» አለ። ዓይኑ ይስቃል። «ዓይን ለዓይን ገጠምን። በጣም ፈርታለች። እኔ ደግሞ፣ የሺ፣ ምን አልኳት መሰለሽ…»

ትንሽ ሊያርፍ ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቅሁ። ሻይ አመጡ፣ ተቀበልኩ፣ ጠበቅሁ። ሻዩ ሲቀዘቅዝ ነው የገባኝ።

ከቀብሩ በኋላ የካርጎ ጓደኞቹን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ አዲስ አበባ ድረስ ደወልኩ። ሰጎኗን ሁሉም ያስታውሷታል። ከአውሮፕላኑ ስር እንደ በግ ተከትላው ወጣች ይላሉ። ምን እንዳላት ግን የሰማ የለም። እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለሰጎን የነገራትን ለእኔ ሳይነግረኝ ሄደ።